የብዙ ሌሊት ቆጠራ፤ ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ሺቫ መቅደስ

ነሐሴ በባተ ጊዜ፣ ዝናሙ ገና ሳያባራ፣ የዓባይም ገባሮች ሞልተው መንገደኛውን በየዳርቻቸው በሚያስቀሩበት ሰሞን፣ ከሞጣ እስከ ብቸና ባለው የምሥራቅ ጎጃም አገር፣ በሶውንና ቆሎውን በስልቻ ቋጥሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ደብር የሚገሠግሠው ሕዝብ፣ ሴት ወንድ፣ ሽማግሌ ጎልማሳ ሳይባል፣ እስከ ነሐሴ 16 ድረስ በጾመ ፍልሰታ ሱባዔ ይይዛል። ሌሊቱ በሰዓታትና በኪዳን፣ ቀኑ በውዳሴ ማርያም ትርጓሜና በቅዳሴ ያልፋል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባቆሙት በሞጣ ጊዮርጊስ ቢሆን፣ በሊቃውንቱ ስሙ በተጠራው በዲማ ጊዮርጊስ ቢሆን፣ ወይም በደብረ ወርቅ ማርያም፣ ሥርዓቱ ያው ነው። እኔን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲያሳስበኝ የኖረው ግን ይህ ነው፤ አንድ ባሕታዊ በዋሻው ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያህል ጸሎት ሊያደርስ ይችላል ተብሎ ከታመነ፣ ጭቃ ረግጦ መሰብሰብ ስለ ምን አስፈለገ? ስለ ምንስ አንድ ቀን አልበቃም?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳስስ ሐሳቤ ወደ ሕንድ ሄደ። ይህ ለጎጃም ሊቅ ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም፤ ሕንድ ለቤተ ክርስቲያናችን ተማሪ በስም እንግዳ አይደለችምና። በመጽሐፈ አስቴር መጀመሪያ ላይ የንጉሡ ግዛት ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገር እንደ ነበረ ተጽፏል። እጨጌ ዕንባቆም በ1545 ዓ.ም. ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍም ታሪኩ በሕንድ የሚፈጸም ነው፤ ከምንጩ ሲመረመርም የቡድሃ ሕይወት በብዙ ቋንቋ እየተገለበጠ ከእኛ ዘንድ የደረሰ ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን የመጻሕፍቱ ሕንድ በአንድ በኩል ሐዋርያው ቶማስ የሰበከባት፣ በሌላ በኩል ጣዖት የሚመለክባት ሩቅ አገር ብቻ ስለ ሆነች፣ በዚያ ያለው ሕዝብ አምልኮውን በምን ሥርዓት እንደሚፈጽመው አይነግሩንም።

ሺቫ የሚባለውን አምላክ የሚያመልኩ ሂንዱዎች ከበዓላታቸው ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት ማሃሺቫራትሪ የሚባለውን፣ ትርጓሜውም «ታላቁ የሺቫ ሌሊት» የሆነውን ነው። በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ጨረቃ ልትጠፋ ስትቃረብ በ14ኛው ጨለማ ሌሊት ይውላል። ምእመኑ ቀኑን ጾሞ ይውላል፤ ሌሊቱም በአራት ክፍል ይከፈልና በየክፍሉ ሊንጋ የሚባለው የሺቫ ምልክት የሆነው ድንጋይ በውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም በብዙ ቦታ እንደ ተለመደው በየተራው ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤና ማር ይፈስበታል። (የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ማሩ ማዘኑ አይቀርም።) ቤል የሚባለው ዛፍ ቅጠልም በላዩ ይደረጋል። ስለዚህ ቅጠል የሚተረከው ታሪክ የእኛን የተአምር መጻሕፍት ለሚያነብ ሰው ቅርብ ነው፤ አንድ አዳኝ አውሬ ፈርቶ ከቤል ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲያድር፣ እንቅልፍ እንዳይጥለው ቅጠሉን እየቀነጠሰ ወደ ታች ይጥል ነበርና፣ ከዛፉ ሥር ሊንጋ መኖሩን ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመልክ አደረ፤ በዚያም ምክንያት ኃጢአቱ ተሰረየለት ይላሉ።

ይህ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። የብዙ ቀኑን ጉባኤ ለመረዳት ግን ለሺቫ ወደሚቀርበው፣ ሩድራም ወደሚባለው ጸሎት መድረስ ያስፈልጋል። ሩድራም ቬዳ ከሚባሉት ከጥንት ቅዱሳት መጻሕፍታቸው አንዱ ከሆነው ከያጁርቬዳ የተወሰደ፣ በሁለት ወገን የቆመ፣ እያንዳንዱም ወገን በ11 ምዕራፍ የተከፈለ ጸሎት ነው። የመጀመሪያው ወገን ሰላምታና ስግደት ነው፤ ሁለተኛው ልመና ነው። በልመናውም ሰውዬው ለራሱ ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ገብስ፣ ስንዴ፣ ሰሊጥና ምስር በየስማቸው ተጠርተው ይገኛሉ፤ በቅዳሴያችን ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞችና ስለ አዝርዕት የሚጸለየውን ሰምቶ ያደገ የእናርጅ እናውጋ ገበሬ ይህን ቢሰማ ባዕድ አይሆንበትም ነበር። ይህ ጸሎት 11 ጊዜ ሲደገም አንድ ማዕረግ ነው፤ 121 ጊዜ ሲደገም ሌላ ማዕረግ ነው፤ 1,331 ጊዜ ሲደገም ደግሞ ሌላ ነው። የሁሉ ፍጻሜ የሆነው አቲ ሩድራም 14,641 ጊዜ የሚደገመው ነው። ይህ የሚፈጸመው 121 ካህናት ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው በቀን 11 ጊዜ እየደገሙ፣ ለ11 ቀን ሲቆዩ ነው። አንድ ካህን ብቻውን በዚያው ልክ በየቀኑ ልድገመው ቢል 1,331 ቀን፣ ይኸውም ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል።

የዚህን ቁጥር ትርጉም ብዙ ጸሐፊዎች ከ11ዱ የሩድራ፣ ይኸውም የሺቫ፣ መልክ ጋር እያዛመዱ ያብራሩታል፤ ትክክል ነው። እኔ ግን ከዚያ በታች ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል። ቁጥሩ የተደራጀው አንድ ሰው እንዳይችለው ሆኖ ነው። ጸሎቱ ረጅም ስለ ሆነ ሰው በዛ ማለት አይበቃም፤ ሰው ይሰበሰብ ዘንድ ጸሎቱ እንዲረዝም ተደረገ ማለት ይቀርባል። ካህን በተሰበሰበበት ደግሞ የሚያበስል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ቅቤና እንጨት የሚያቀርብ፣ ቅጠል የሚለቅም ሕዝብ ግድ ነው፤ እንዲህ ሆኖ 11 ቀን ያደረ ሰፈር ከቀድሞው የተለየ ማኅበር ሆኖ ይነሣል።

ወደ አገራችን ስንመለስም ይኸው ምሥጢር ተሰውሮ እናገኘዋለን። ቅዳሴ ቢያንስ በአምስት ልዑካን፣ በሁለት ቀሳውስትና በሦስት ዲያቆናት ካልሆነ አይቀደስም፤ አንድ ቄስ የቱን ያህል ቅዱስ ቢሆን ብቻውን ቆሞ ሊቀድስ አይችልም። ማኅሌቱም በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ ተከፍሎ፣ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው እየተቀበለ፣ ጽናጽሉና መቋሚያው እየተመላለሰ የሚሄድ ነው፤ ግማሽ ብቻ ያለው ማኅሌት አይኖርም። ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ሲባል ያየ ሰውም፣ አሮጊቷ በጣቷ አንጓ፣ ቄሱ በመቍጠሪያው ሲቈጥሩ፣ ቁጥሩ የተሳሳተበት ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ሲተካከል አይቷል።

እዚህ ላይ ግን ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ፤ የሚለያዩበትም ቦታ ዲማ ነው። ቬዳን የሚደግመው የሂንዱ ካህን፣ ብራህማኑ፣ አንዲት ፊደል፣ እንዲያውም የአንዲት ፊደል ድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብትለወጥ ጸሎቱ እንደሚፈርስ ያምናል። በጥንት መጻሕፍታቸው እንደሚተረከው፣ ትቫሽታር የሚባለው አምላክ ኢንድራ የሚባለውን ሌላ አምላክ የሚገድል ልጅ ይወለድለት ዘንድ መሥዋዕት ሲያቀርብ የቃሉን ድምፅ አሳስቶ ቢጠራው፣ ትርጉሙ ተገልብጦ ልጁ ራሱ በኢንድራ እጅ ሞተ። ስለዚህ ቃላቱን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ፣ እንደ ጉንጉን እያጠላለፉ በቃል የሚያጠኑበት ስልት ከሺህ ዓመታት ጀምሮ ጸሎቱን ሳይጻፍ ጠብቆላቸዋል።

የዲማ የቅኔ ተማሪ በተቃራኒው መምህሩ ፊት የትናንቱን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ያፍራል። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ በሌላ ቀን ለማኅሌት አይመለስም፤ ጉባኤ ቃናው በሁለት ቤት፣ መወድሱ በስምንት ቤት በየዕለቱ እንደ አዲስ ይበጃል። ይህን ሥራ ደግሞ የአገራችን ሰው የሚጠራው «ቅኔ ቆጠራ» ብሎ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከጫካ ጥግ ወይም ከመቃብር ቤት አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ፣ የቤቱን ልክ፣ የቃሉን ምጣኔ፣ የሰሙን ከወርቁ መግጠም ይቆጥራል። እንግዲህ ብራህማኑ ያው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ ይቆጥራል፤ የዲማው ልጅ ከዚህ በፊት ያልተባለውን ይቆጥራል። ሆኖም የብቻው ቆጠራ በዚያው አይቀርም፤ ማታ ለመምህሩ ነገራ አለበት፣ ይታረማል፤ በበዓሉም ሌሊት ባለ ቅኔው ሲዘርፍ የሚቀበለው ሰው ከፊቱ ካልቆመ ቅኔው መሬት ወደቀ ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲማን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ለአንባቢ ሁሉ ያሳወቁት እርሳቸውም በዚሁ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ስለ ነበሩ ነው።

ስለ ጥምቀትም ጥቂት ልበል፤ የሚመስለው በዓል በሕንድ አለና። በሂማላያ ተራሮች ባለችው በማንዲ ከተማ በሺቫራትሪ ሰሞን ለሰባት ቀን ያህል በዓል ይደረጋል፤ ከየመንደሩ የአጥቢያ አማልክት በቃሬዛ ተጭነው፣ መለከትና ከበሮ እየቀደማቸው ይወርዱና አስቀድመው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ንጉሥ መንግሥቱን ለሰጠው፣ ማዶ ራይ ለሚባለው አምላክ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ በዓሉ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ጥር 10 ቀን ታቦታት ከየአጥቢያቸው ወደ ባሕር ሲወርዱ፣ በ11 ሲመለሱ፣ ሚካኤልም እስከ 12 ሲቆይ ያየ ሰው ሳይደነቅ አይቀርም። ልዩነቱ ግን ጥልቅ ነው፤ ሂንዱው የመጣው ሊያይ ነው፣ ዳርሻን የሚሉትም አምላክን ዓይን ለዓይን ማየትን ነው፤ የእኛ ታቦት ግን በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ያልፋል፣ ሕዝቡም ያላየውን በእልልታ ይሸኛል።

በብቸናም በሞጣም የሺቫ መቅደስ የለም፤ በአዲስ አበባ ግን የሕንድ ማኅበረሰብ መቅደስ አለው። ሂንዱዎች ወደ ምድራችን ዳርቻ መምጣታቸውም አዲስ አይደለም፤ ባንያን የሚባሉት ነጋዴዎች በምጽዋ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ፣ በተለይም ንጉሠ ነገሥቱ በ1949 ዓ.ም. ሕንድን በጎበኙበት ዘመን፣ ሕንዳውያን መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተሠማርተው ሒሳብና ሳይንስ ሲያስተምሩ፣ ብዙዎቹ ከአገራቸው ሰው ተለይተው በትንንሽ ከተማ ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ መምህር ሃይማኖቱ አይከለክለውምና፣ ምሽት ደብተር አርሞ ሲጨርስ መብራት አብርቶ፣ ጥቂት ውኃ አፍስሶ፣ የሺቫን ስም ብቻውን ሊደግም ይችል ነበር፤ ከደጁ ማዶ የማኅሌቱ ከበሮ ቢሰማውም ምን እየተደረገ እንደሆነ ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር። 120 ጓደኞቹን ግን ከየት ያመጣል?