ሳሎን ያተረፋቸው አስፈሪ ፊልሞች

በ1925 አንድ የጀርመን ፍርድ ቤት «ኖስፌራቱ» የተባለው ፊልም ቅጂዎች በሙሉ እንዲወድሙ ፈረደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሳሿ የ«ድራኩላ» ደራሲ የብራም ስቶከር ባለቤት፣ ወይዘሮ ፍሎረንስ ስቶከር ነበሩ። ፕራና የተባለው የበርሊን ድርጅት የሟች ባላቸውን ልብ ወለድ ሳያስፈቅድ ወስዶ፣ የሰዎቹን ስምና አገሩን ለዋውጦ፣ በ1922 ፊልም አድርጎ አስመርቆታል። ካሳ እንዳይጠየቅ ደግሞ ወዲያው ከስሯል። ወይዘሮዋም ገንዘቡ ከቀረ ፊልሙም ይጥፋ አሉ። ሕጉ ከእርሳቸው ጋር ነበር። ይሁንና አንዳንድ ቅጂዎች ቀድመው ድንበር ተሻግረው ስለነበር ፍርዱ አልደረሰባቸውም። ዛሬ የደም መጣጭ ፊልሞች ሁሉ አባት የምንለውን የዳይሬክተሩን የሙርናውን ሥራ የምናየው በእነዚያ ያመለጡ ቅጂዎች ነው።

ብዙዎቹ የዘመኑ ፊልሞች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በአገሪቱ ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረዣዥም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ ይዞታቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥፋቱ በከፊል የናይትሬት ነው፤ ፊልሞቹ የታተሙበት ይህ ነገር እንደ ባሩድ የሚነድ፣ ሳይነድም በራሱ ጊዜ የሚበሰብስ ነው። የባሰው ግን የባለቤቶቹ ንቀት ይመስለኛል። ድምፅ ሲመጣ ዝም ያለ ፊልም የማይሸጥ ዕቃ ሆነ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ1948 በእጁ የቀሩትን ድምፅ አልባ ኔጋቲቮች ራሱ አስወገደ። የተዋናዩ የሎን ቼኒ «ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ» ደግሞ የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1960ዎቹ በኤም.ጂ.ኤም መጋዘን ቃጠሎ ጠፋ። በ2002 ከተረፉት ፎቶግራፎች ተገጣጥሞ በቴሌቪዥን ታየ፣ ከዚያም በዲቪዲ ወጣ። ያ ግን የሟች ፎቶ እንጂ ሟቹ አይደለም።

ታዲያ የተረፈውን ማን አተረፈው? ቤተ መዛግብት ብዙ ሠርተዋል፤ የሳሎኑ ባለውለታነት ግን ብዙም አይነሳም። ኮዳክ በ1923 የማይነድ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሀብት ያለው ሰው ሲኒማን ቤቱ ድረስ ማስገባት ቻለ። ዩኒቨርሳልም ፊልሞቹን በዚህ መጠን እያሳነሰ ለግለሰቦች መሸጥ ጀመረ፤ ከነዚህ አንዱ የ1925ቱ «የኦፔራው መንፈስ» ነበር። ሎን ቼኒ ፊቱን በገዛ እጁ ቀባብቶ የራስ ቅል አስመስሎ የታየበት፣ ልጅቷ ጭምብሉን ከኋላው ስትገፈው አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስጮኸ ፊልም ነው። ዛሬ በ35 ሚሊ ሜትር በጥሩ ሁኔታ የሚገኘው በ1929 እንደገና የተቀናበረው ነው። መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበውን የምናውቀው ለየቤቱ በተሸጡት ትንንሽ ቅጂዎች ብቻ ነው። አንድ ኩባንያ ዋናውን ሲያጠፋ፣ ለቤት መዝናኛ ብሎ የሸጠው ታሪኩን ያዘለት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊልምን ቤት ውስጥ ማየት ርካሽ ሆነ። በ1957 የዩኒቨርሳል አሮጌ አስፈሪ ፊልሞች «ሾክ» በሚል ጥቅል ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ፤ ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን አባቶቻቸው ሲያወሩ ብቻ የሰሙ ልጆች በየቤታቸው ተዋወቋቸው። ካስል ፊልምስ የእነዚሁን ታሪኮች አጫጭር ቅንጫቢ በ8 ሚሊ ሜትር በየሱቁ ሸጠ። በአዮዋ የነበረው ብላክሆክ ፊልምስ ደግሞ ድምፅ አልባዎቹን በፖስታ ይልክ ነበር።

ከዚያ ቪዲዮ ካሴት መጣ። በእኛ አገር የቪዲዮ ቤቶች መደርደሪያ የህንድና የካራቴ ፊልም እንጂ የ1920ዎቹ በርሊን ቦታ አልነበረውም። በአሜሪካ ግን የቅጂ መብታቸው ያልታደሰላቸው ፊልሞች ባለቤት አልባ ሆነው ስለነበር፣ ማንም ነጋዴ ያገኘውን የደበዘዘ ቅጂ በካሴት ገልብጦ መሸጥ ቻለ። «የኦፔራው መንፈስ» ከ1953 ጀምሮ ባለቤት አልባ ነበር። ዋጋው ለተማሪ ኪስ እንኳ አይከብድም፤ የሚታየው ግን ግማሹ ፊልም ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ «ኖስፌራቱ» ያሳያል። ደም መጣጩ ኦርሎክ የሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ በከተማዋ ባዶ ጎዳና የሚሄድበትን ቦታ ውሰዱ። ጊዜው ሌሊት ነው፤ የተቀረፀው ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የዚያን ጊዜ ፊልም ጨለማን መቅረፅ አይችልምና። ሙርናው ሌሊቱን የሠራው ቅጂውን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ በመንከር ነበር። የክፍል ውስጥ መብራት ቢጫ፣ ንጋት ሮዝ ይሆን ነበር። የካሴት ነጋዴዎች ጥቁርና ነጩን ቅጂ ሲያባዙ ቀለሙ ቀረ፤ ደም መጣጩም በቀትር የሚዞር ሆነ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ዶሮ ጮሆ፣ የማለዳ ብርሃን ነክቶት ሲጠፋ ተመልካቹ «ታዲያ ቅድም ፀሐይ ላይ ምን ሲሠራ ነበር?» ይላል። ደም መጣጭ በፀሐይ ይሞታል የሚለው ሐሳብ በስቶከር መጽሐፍ የለም፤ ይህ ፊልም ያመጣው ነው። ቀለሙ ሲወሰድ የታሪኩ ዋና ፈጠራ ተወሰደ።

ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። ካሜራው በእጅ ስለሚዞር የዘመኑ ፊልም በአብዛኛው በሴኮንድ ከ16 እስከ 20 ምስል ነበር፤ ድምፅ ሲመጣ 24 ሆነ። አሮጌው በአዲሱ ፍጥነት ሲጫወት ሰው ሁሉ እንደ ጉንዳን ይራወጣል፣ ፍርሃቱም ሳቅ ይሆናል። «ኖስፌራቱ» ላይ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ሙርናው የኦርሎክን ሠረገላ ሆን ብሎ አጣድፎ፣ ጫካውንም በኔጋቲቭ ነጭ አድርጎ አሳይቶ ነበር። ሁሉም ነገር ሲጣደፍ ያ የተለየ ጥድፊያ አይለይም። ለብዙ ዓመታት «ድምፅ አልባ ፊልም ያስቃል» ሲባል የኖረው በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ዲቪዲና ብሉሬይ ያስተካከሉት ይህንን ነው። የሙርናው ስም ያለበት የጀርመን ተቋም በፓሪስ ሲኒማቴክ ከተገኘ ባለቀለም የ1922 ቅጂ ተነስቶ ሰማያዊውን ሌሊት መለሰ፤ ለፊልሙ የተጻፈው የሃንስ ኤርድማን ሙዚቃም ከቅሪቱ ተጠግኖ አብሮ ወጣ። «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» የተባለው ሌላው ድምፅ አልባ ፊልም በ2014 ከዋናው የካሜራ ኔጋቲቭ ሲታደስ፣ የጎደለው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ከሌሎች ቅጂዎች ተሟላ። በፊልሙ ጠማማ ግድግዳዎች ላይ የሠዓሊው ብሩሽ የሄደበት ሁሉ ይታያል።

ሰብሳቢዎችንም አልዘልም፤ ጠባያቸው ቢከብድም። የኤዲሰን ድርጅት በ1910 የሠራው የመጀመሪያው «ፍራንከንስታይን» ጠፍቷል ሲባል፣ የዊስኮንሲኑ አሎይስ ዴትላፍ በ1950ዎቹ ገዝቶ አስቀምጦት ነበር። ፍጡሩ ከድስት ውስጥ ሥጋ እየለበሰ የሚነሳበት ትዕይንት የተሠራው አሻንጉሊት አቃጥሎ ፊልሙን ወደ ኋላ በማስኬድ ነው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ቅጂውን ለማንም በቀላሉ አልሰጠም፤ ንፍገት ነው ብትሉ አልከራከርም። ግን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2018 አድሶ ለሕዝብ በነፃ የለቀቀው ያንኑ የእርሱን ጥቅል ነው።

«ኖስፌራቱ»ን ማየት ያማራችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ያገኛችሁትን አትክፈቱ፤ ርዝመቱን እዩ። የታደሰው ወደ 94 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ከሆነና ሌሊቱ ሰማያዊ ካልሆነ ትታችሁ ሌላ ፈልጉ።