ጎርፍ በሠራው ሜዳ ላይ፦ ድሬዳዋና ደቻቱ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ በደረሰ ጊዜ ሲሆን፣ ቦታዋን የመረጠላትም ባቡሩ ነው ማለት ይቻላል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የሐዲዱ የመጀመሪያ መዳረሻ ሐረር እንድትሆን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከሚገኘው ቆላ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚደርሰውን የደንገጎ ገደላማ ተራራ መሻገር የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ስለነበር፣ ሐዲዱ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ በግርጌው አለፈ፤ በዚያ የተተከለው ጣቢያም አዲስ ሐረር ተባለ።

ለጣቢያ፣ ለባቡር መጠገኛና ለመጋዘን የሚፈለገው ሰፊና ደልዳላ መሬት ነው፤ የድሬዳዋ ሜዳም ይህንን ያሟላ ነበር። ሜዳው ደልዳላ የሆነው ግን በጎርፍ ሥራ ነው፤ ከደጋው በጠባብ ሸለቆ እየተንደረደረ የሚወርድ ውሃ ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ተሸክሞ ያመጣውን ድንጋይ፣ አሸዋና ደለል እያራገፈ፣ አንዱ መውረጃ ሲሞላበትም ወደ ሌላው እየዞረ፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ሰፊ የደለል ሜዳ ይሠራል። ስለዚህ ለግንባታ እጅግ አመቺ መስሎ የታየው ጠባይ፣ ለሚያነብበው ሰው፣ ውሃው ቀድሞ በቦታው ላይ እንደተመላለሰ የሚመሰክር ምልክትም ነበር።

ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውሃ የሌለበት ሰፊ የአሸዋ መውረጃ በመሆኑ፣ ሰውና ከብት የሚሻገርበት፣ ነጋዴም ዕቃውን የሚዘረጋበት ተራ መሬት ሆኖ ኖሯል። በከዚራ በኩል ለባቡሩ ሠራተኞችና ሹማምንት በፕላን የተቀየሱት ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያጠላባቸው ጎዳናዎች ዛሬም ይደነቃሉ፤ በመጋላ በኩል ግን ንግዱ ሰፈሩን እንዳመቸው አሰፋው፤ የቀፊራ ገበያም እስከ ወንዙ ዳር ተጠጋ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ነዋሪውን በየቀኑ ስለሚያስጠነቅቅ ከደረቅ ወንዝ ይልቅ ደግ ጎረቤት ነው፤ ደቻቱ ግን ለወራት ዝም ብሎ ከርሞ በሰዓታት ውስጥ በሚሞላ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል።

በዛሬው ሙያ አንድ የግንባታ ቦታ ሲመዘን መጀመሪያ የሚለካው ተፋሰሱ፣ ማለትም ዝናቡ ሁሉ ተሰብስቦ ወደዚያ ቦታ የሚወርድበት መሬት ነው። የድሬዳዋ ዓመታዊ ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ከተማዋን ብቻ የተመለከተ ሰው ስጋቱን ያቃልለዋል፤ የደቻቱ ውሃ ግን የሚጠራቀመው ደኑ በተመናመነው፣ አፈሩ በታጠበው ተዳፋት ላይ ነው። ለከተማ ውስጥ ቦይ ደግሞ ኤሚል ኩይክሊንግ የተባለው መሐንዲስ በ1889 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዋ የሮቸስተር ከተማ ያቀረበው ስሌት እስካሁን ይሠራበታል፤ ስሌቱ የመሬቱን ስፋት፣ የዝናቡን ብርታትና ከዘነበው ውስጥ ሳይሰርግ የሚፈሰውን ድርሻ ያባዛል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ፣ ከውሃው 3 አሥረኛው ብቻ በሚፈስበት ሜዳ በሰከንድ 50 ሊትር ያህል፣ 9 አሥረኛው በሚፈስበት በቆርቆሮና በአስፋልት በተሸፈነ ግቢ ደግሞ 150 ሊትር ያህል ይወጣል። ይህ ግን ለትንንሽ ቦታዎች የተዘጋጀ ስሌት ስለሆነ፣ እንደ ደቻቱ ላለ ሰፊ ተፋሰስ የዝናብና የፍሰት መዝገብ ያስፈልጋል፤ ጣቢያው ሲተከልም የረጅም ዘመን መዝገብ አልነበረም።

መዝገብ በሌለበት የሽማግሌዎች ትዝታ ይጠየቃል፤ አዲስ ከተማ ውስጥ ግን ነዋሪው ራሱ መጤ ነው። መዝገብ ሲኖርም የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚለው አነጋገር ያሳስታል፤ በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት እንጂ በየመቶ ዓመቱ ተራ ጠብቆ የሚመጣ ማለት አይደለምና፣ 30 ዓመት በሚያገለግል ቤት ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ይበልጣል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ከመውረጃው ወጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም አፈናቀለ። ውሃው የመጣው በሌሊት፣ ሰው በተኛበት መሆኑ ጉዳቱን አበዛው፤ ከሁሉ የከፋውም ከመሬት ውድነት የተነሣ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ገፍተው በሠሩት ድሆች ላይ ደረሰ። በዚህ ረገድ ጥፋቱን ሁሉ በ1895ቱ መሐንዲሶች ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፤ እነርሱ ያሰቡት ለጣቢያ ነበር፣ አሸዋው ዳር ቤት እንዲሠራ የተፈቀደውና በዝምታ የታለፈው ግን በኋለኞቹ ዘመናት ነው።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ በወንዙ የሚመጣውን ውሃ ሲገታ በከተማው ውስጥ የዘነበውም ወደ ወንዙ እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል፤ ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገው መጠንም ግንቡ በተግባር እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ከግንቡ ኋላ ላለ ቦታ የሚደረግ ጥናት የግንቡን ቁመት ከዛሬው የአሸዋ ወለል ተነሥቶ መለካት፣ የግቢው ውሃም ወንዙ በሞላበት ሰዓት በየት እንደሚወጣ ማሳየት ይኖርበታል።