14 ደቂቃ ያለ ቃል

እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የተማርኩትም ምህንድስና እንጂ ቲያትር አይደለም። ወደዚህ ታሪክ ያስገባኝ አንድ ትንሽ የሥራ ጉዳይ ነው። ያኔ እሠራበት የነበረው ድርጅት አንድ የስልክ መተግበሪያ ያዘጋጅ ነበርና የስክሪኑ ቀለም ከቀን ብርሃን ወደ ምሽት ቀስ እያለ እንዲለወጥ የማድረጉ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ብርሃን ሲደበዝዝ ግን የሰው ዓይን አይሸወድም፤ ትንሽ ከፈጠነ «ጠፋ» ይላል፣ ትንሽ ከዘገየ «ተበላሸ እንዴ?» ይላል። ሦስት ሌሊት አደርኩበት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሥራው ደስ ይለኝ ነበራ!

በአራተኛው ቀን አለቃዬ አየውና «ያምራል፤ ግን ማን ያስተውለዋል?» ብሎ ወደ ሁለት ሰከንድ አሳጠረው።

በዚያው ሰሞን፣ ሰዎች መብራትን ቀስ በቀስ ማደብዘዝ እንዴት እንደተማሩ ሳነብ፣ ዴቪድ ቤላስኮ ከሚባል የኒው ዮርክ የቲያትር አዘጋጅ ጋር ተገናኘሁ። ይህ ሰው በ1900 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቲኬት ቆርጦ በገባ ሕዝብ ፊት 14 ደቂቃ ሙሉ አንዲት ቃል ሳይነገር ሌሊቱን አስመሽቶ አነጋው። በመንግሥት ድጎማ የሚኖር የጥበብ ቤት አልነበረውም። ወንበሩ ካልሞላ የሚከስር ነጋዴ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ከየት አመጣ? ይህ ጥያቄ ነው ለወራት ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1900 መጀመሪያ ቤላስኮ ያቀረበው «ኖቲ አንቶኒ» የተባለ ኮሜዲ ገበያው አልሞቅ አለው። ፕሮግራሙን የሚደግፍ አጭር ድራማ ቢፈልግ፣ የጆን ሉተር ሎንግን «ማዳም በተርፍላይ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ወደ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ለወጠው። ማርች 5 በኒው ዮርኩ ሄራልድ ስኩዌር ቲያትር መድረክ ላይ ዋለ። ታሪኩ አጭር ነው። ቾ-ቾ-ሳን የምትባል ጃፓናዊት ትቷት የሄደውን አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን ትጠብቃለች። መርከቡ ወደብ መግባቱን ታያለች። ልጇንና አገልጋይዋን አጠገቧ አድርጋ፣ ይመጣል ብላ መንገድ መንገዱን እያየች ትቆማለች። አይመጣም።

ሌላ አዘጋጅ ቢሆን መጋረጃውን ዘግቶ ይከፍትና «ነጋ» ይለን ነበር። ቤላስኮ መጋረጃውን አልዘጋም። ፀሐይ ጠለቀች፣ አመሻሹ ጨለመ፣ ከዋክብት ወጡ። ፋኖሶች ተለኮሱ፤ ቆይተው ደግሞ አንድ በአንድ ጠፉ። ልጁና አገልጋይዋ እንቅልፍ ጣላቸው። እናት እንደቆመች ናት። ከዚያ ግራጫ ብርሃን፣ ቀጥሎ ሮዝ፣ ቀጥሎ የወፎች ድምፅ። ዘዴው ለዛሬ ሰው የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ቀለም የተነከረ የሐር ጨርቅ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው እየተጠመጠመ በመብራቱ ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው ከመድረኩ ጀርባ ቆሞ ያንን ጥቅል 14 ደቂቃ ሙሉ፣ ሳይቸኩልና ሳያንቀጠቅጥ፣ በየምሽቱ ያዞራል።

ተውኔቱ በዚያው ዓመት ለንደን ሲታይ ጃኮሞ ፑቺኒ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። እንግሊዝኛው የረባ አልነበረም። ዝምታውን ለመረዳት ግን እንግሊዝኛ አያስፈልግም። የፑቺኒ ኦፔራ በ1904 ሚላን ላ ስካላ ላይ ተከፈተ፤ የሌሊቱ ጥበቃም በውስጡ አለ፣ ቃል በሌለው የመዘምራን ማንጎራጎር።

ይህን ስጽፍ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ቾ-ቾ-ሳንን የተጫወተችው ብላንሽ ቤትስ ነጭ አሜሪካዊት ናት። የሚያናግራት እንግሊዝኛም ሆን ተብሎ የተሰባበረ፣ ለኒው ዮርክ ጆሮ ማሳሳቂያ የሚሆን ዓይነት ነው። ንጋቱን ንጋት ለማስመሰል ያን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ ሴትዮዋን ሰው ለማስመሰል እንደዚያ አልተጨነቀም። የዚያ ተውኔት እውነተኛው ክፍል ሁሉም ዝም ያሉበት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ፤ ጊዜውን ከየት አመጣው?

ቤላስኮ በ1853 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። ወላጆቹ ከለንደን የመጡ አይሁዶች ናቸው። በምዕራቡ ጠረፍ ቲያትር ቤቶች ተዋናይም፣ ተውኔት አዳሽም፣ የመድረክ ኃላፊም ሆኖ ሠርቶ በ1882 ኒው ዮርክ ገባ። በስሙ ገበያ የሳበው በ1895 «ዘ ኸርት ኦፍ ሜሪላንድ» በተባለው ተውኔት ነው፤ ዋናዋ ተዋናይት ሚስስ ሌስሊ ካርተር የቤተ ክርስቲያን ደወል እንዳይደወል ምላሱን ይዛ ስትወዛወዝ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ያይ ነበር። ከአንገቱ የማይለየው የቄስ የሚመስል ኮሌታ ደግሞ «የብሮድዌይ ጳጳስ» የሚል ቅጽል አተረፈለት።

በ1896 ግን የጨዋታው ሕግ ተለወጠ። ስድስት ነጋዴዎች «ቲያትሪካል ሲንዲኬት» በሚል ስም ተደራጅተው የአገሪቱን ዋና ዋና ቲያትር ቤቶች ፕሮግራም በእጃቸው አስገቡ። በዚያን ጊዜ ትርፍ የሚገኘው ተውኔቱን ይዞ ከከተማ ከተማ በመዞር ነው፤ ለመዞር ደግሞ የሲንዲኬቱን በር ማንኳኳት ግድ ሆነ። ለእኛ ለመተግበሪያ ሠሪዎች ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፤ የሁለት ኩባንያዎችን መደብር ሳናልፍ ሰው ስልክ ላይ አንደርስም። ቤላስኮ ኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ በተናገረው መሠረት፣ «ዘ ኦክሽኒር» የተባለውን የ1901 ሥራውን ለማዞር ሲል ከትርፉ ትልቅ ድርሻ በተዘዋዋሪ መንገድ ለሲንዲኬቱ ሰዎች መልቀቅ ነበረበት።

ያገኘው መፍትሔ የራሱን ቤት መያዝ ነበር። በ1902 በ42ኛው ጎዳና የሚገኘውን ሪፐብሊክ ቲያትር ከኦስካር ሃመርስታይን ተከራይቶ በስሙ ጠራው። በ1907 ደግሞ በ44ኛው ጎዳና ስታይቨሳንት የተባለውን አዲስ ቲያትር ከፈተ፤ ይህ በ1910 ቤላስኮ ቲያትር ተባለ። ከላዩ ላይ መኖሪያውን ሠራ። ለመብራት ምርምር የሚሆን ላቦራቶሪም አቋቋመ። ተከራይ የሆነ ሰው መብራቱን ተክሎ ነቅሎ ይሄዳል። ባለቤት ግን ዛሬ ያልተሳካለትን ነገ ይሞክራል። ጊዜ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ገዛው ማለት ይቀላል።

በዚህ ጊዜ ምን እንደሠራ ራሱ ጽፎታል። ለ«ዘ ገርል ኦፍ ዘ ጎልደን ዌስት» (1905) በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ የምትጠልቅ የካሊፎርኒያ ፀሐይ ፈለገና ሦስት ወር ሞከረ፤ 5,000 ዶላርም ወጣበት። ጥሩ የፀሐይ መጥለቅ ሆነ። ግን የካሊፎርኒያ አይደለም ብሎ ተወው፤ መሣሪያውንም ለሌላ ተውኔት አዘጋጆች ሸጠው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ስቄም ቀናሁ።

ግን «ቤላስኮ ሠራ» ስል የምሳሳተው ነገር አለ። መብራቱን የሚሠራው ሉዊ ሃርትማን የሚባል ሰው ነው። ከቤላስኮ ጋር ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። በዚያ ዘመን መብራት የሚደበዝዘው በሬዚስተር ነው፤ እጀታውን ስትገፋው ኤሌክትሪኩ ረጅም ሽቦ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል፣ ሽቦው ይግላል፣ ለአምፖሉ የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል። የአንደኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ትምህርት ነው። ሌላው ዋና የመድረክ መብራት ካርቦን አርክ ነበር፤ ደማቅ ነው፣ ግን ያፏጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ልብ አይደበዝዝም። ሃርትማን በተራ አምፖል የሚሠራ፣ ሌንስ ያለው ትንሽ ስፖትላይት ሠራ። ትንሽ ስለሆነ የትም ይደበቃል፤ አምፖል ስለሆነም እንደ ልብ ይደበዝዛል።

ጥቅሙ በደንብ የታየው «ዘ ሪተርን ኦፍ ፒተር ግሪም» (1911) ላይ ነው። ፒተር ግሪም ሞቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሽማግሌ ነው፤ ከቤተሰቡ መካከል ቆሞ ያወራል፣ የሚሰማው የለም። ነጭ አንሶላ ያለበሰው፣ ጭስ ያጨሰበት የለም። ሕያዋኑ ሞቅ ያለ ብርሃን ሲያገኙ በእሱ ላይ የሚያርፈው ቀዝቃዛ ነው። ተዋንያኑ በተንቀሳቀሱ ቁጥር መብራቱ ይከተላቸዋል፤ ያ ማለት ከእያንዳንዱ መብራት ጀርባ የሚከተል እጅ አለ ማለት ነው። ተመልካቹ ያንን እጅ ካየ ሥራው ተበላሸ።

ቤላስኮ እውነትን በዕቃም ይፈልግ ነበር። ለ«ዘ ኢዚየስት ዌይ» (1909) የድሃ ተዋናይት ክፍል ሲያስፈልገው፣ አንድ ርካሽ ማረፊያ ቤት ሄዶ የአንዱን ክፍል ዕቃ ገዛ፤ የተጣፈ ወንበሩን፣ ያለቀ ምንጣፉን፣ የግድግዳውን የደበዘዘ ወረቀት ሳይቀር። ለ«ዘ ገቨርነርስ ሌዲ» (1912) ደግሞ በከተማው የታወቀውን የቻይልድስ ምግብ ቤት መድረክ ላይ አቆመው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ግን ከተውኔቱ ይልቅ የሚወራው ስለ ምግብ ቤቱ ሆነ። ከአውሮፓ አዲስ የመድረክ አስተሳሰብ ይዘው የመጡ ወጣቶች «ይህማ ዕቃ መደርደር ነው» ማለት ጀመሩ፤ ለዚህኛው መልስ ያለው አይመስለኝም። የገዛው ግድግዳ ከተውኔቱ ጋር አለቀ። የመብራቱ ዘዴ ግን ወደ ሌሎች መድረኮች ተሻገረ።

እዚህ ላይ ላበቃ እችል ነበር። ሞኖፖሊን ተገዳድሮ ነፃነቱን የገዛ አርቲስት፤ ጥሩ መጨረሻ ነው። 1919 ግን አለ።

በዚያ ዘመን አሜሪካዊ ተዋናይ የሚከፈለው ትዕይንቱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ልምምድ በነፃ ነው፤ ሳምንታት ቢፈጅም፣ ሌሊት ቢሆንም። ተውኔቱ በሦስተኛው ቀን ቢዘጋ ያ ሁሉ ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው። በ1913 የተቋቋመው የተዋንያን ማኅበር ኤክዊቲ በኦገስት 1919 የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። የኒው ዮርክ ቲያትር ቤቶች ተራ በተራ ተዘጉ። የመድረክ ሠራተኞችና ሙዚቀኞችም ከተዋንያኑ ጎን ቆሙ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አሠሪዎቹ ተረቱ።

ቤላስኮ የት ነበር? ከአሠሪዎቹ ጋር። ያውም በግንባር ቀደምትነት። በሲንዲኬቱ በር ላይ ቆሞ «ሥራዬን ለማሳየት ለምን ግብር እከፍላለሁ?» ብሎ ሲከራከር የኖረው ሰው፣ ተዋንያኑ «ጊዜያችንን ለምን በነፃ እንሰጣለን?» ሲሉ አልሰማቸውም። በክፋት ብቻ አይመስለኝም። እሱ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይታክት የሚሠራ ሰው ነው፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ሰዓት ይቆጥራል ብሎ ማመን ከበደው። የሦስት ወሩ ፀሐይ ግን የራሱ ነበረች፤ ቢተዋትም የሚተወው የራሱን ነው። በየልምምዱ የሚያድሩት ተዋንያን የሚያቃጥሉት የእሱን ጊዜ ሳይሆን የራሳቸውን ነው። ይህን ልዩነት ነው ያላየው። እኔም ያን ሰሞን፣ በሦስቱ ሌሊቶቼ፣ አላየሁትም ነበር። «ደስ ስለሚለኝ ነው» የሚለውን መልስ ሌላ ሰው ሳይጠይቀኝ ለራሴ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ቤላስኮ በሜይ 1931 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። በ44ኛው ጎዳና ያለው ቲያትር ዛሬም በስሙ እየተጠራ ይሠራል። ሃርትማንም ከእሱ ሞት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1930፣ ስለ መድረክ መብራት የእጅ መጽሐፍ አሳትሟል።

እኔ አሁን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው። ስቀጠር ስለ ትርፍ ሰዓት ጠየቅኩ፤ ስጠይቅ አፈርኩ፣ ግን ጠየቅኩ፤ ውሉ ላይም ተጻፈልኝ። ያን የምሽት ቀለም ደግሞ፣ የድሮውን ኮድ ሳልነካ፣ ቤቴ ከባዶ ጻፍኩት። ርዝመቱን 14 ደቂቃ አደረግሁት። አንድ እሑድ መብራት አጥፍቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ መለወጡን መከታተል ተውኩ፤ ቀና ስል ስክሪኑ ነግቷል። ያን የሐር ጥቅል ሲያዞር የኖረው ሰውስ፣ አልኩ፣ ለልምምዱ ሌሊቶች ተከፍሎት ይሆን?