ሰሌንና ትራስ ይዘው የመጡት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አራት ሆነን ባንኮክ የመሄድ ዕድል ገጥሞን ነበር። የሄድንበት ጉዳይ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምምና እንለፈው። በመጨረሻው ቀን ግማሽ ቀን ተረፈንና «ምን እንይ?» ተባባልን። ያገኘነው ሰው ሁሉ የሚያወራልን ስለ ወርቁ ቡድሃ ስለ ነበር ወደዚያው አቀናን። የታሪክ ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር አይቶ ዝም ብሎ መመለስ አይሆንለትም። ስለዚህ እዚያ ያየነውን፣ ከተመለስንም በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያመሳከርነውን ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋት ትራይሚት የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ የሚገኘው በባንኮክ የቻይናውያን ሰፈር መግቢያ፣ ያዎዋራት ከሚሉት የገበያ መንገድ አጠገብ ነው። ምስሉ ያለው ከላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ይሄ እንኳ ለእኛ አዲስ አይደለም። ምስሉ 5.5 ቶን ያህል ይመዝናል። ዕድሜው በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ሲሆን፣ ብዙውን ዘመን ያሳለፈው ግን በኖራ ልስን ተሸፍኖ ነው። የተሸፈነውም ከበርማ ወራሪዎች ለመደበቅ ነው ተብሎ ይታመናል። የቀድሞዋ ዋና ከተማ አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ስትወድም፣ ምስጢሩን የሚያውቁት ሰዎችም አብረው ሳይጠፉ አልቀሩም። በ1935 ወደዚህ ቤተ መቅደስ ሲመጣ የኖራ ምስል ነው ተብሎ ሃያ ዓመት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀመጠ። በ1955 ወደ አዲስ ቤት ሊያዛውሩት ሲያነሡት ወደቀና ልስኑ ተሰነጠቀ። ለካ ውስጡ ወርቅ ኖሯል!

ጎብኚው ሁሉ ይህን ሰምቶ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ይወርዳል። እኛም እንዲሁ ልንወርድ ነበር። ከታች ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ግን የያዎዋራት ቻይናውያን የታሪክ ማዕከል የሚባል ቤተ መዘክር እንዳለ አንዱ ጓደኛችን ከግድግዳው ላይ አነበበ። «ቻይናውያን በታይላንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ምን አላቸው?» አልን። ይህ ጥያቄያችን ራሱ አለማወቃችንን የሚያጋልጥ ነበር። የቤተ መቅደሱ የቀድሞ ስም ዋት ሳም ቺን፣ ማለትም «የሦስቱ ቻይናውያን መቅደስ» ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት የሠሩት ሦስት ቻይናውያን ወዳጆች ናቸው። በ1939 ስሙ ተለወጠና ዋት ትራይሚት ሆነ። ትርጉሙ «ሦስቱ ወዳጆች» ነው። ወዳጅነታቸው ቀረላቸው፤ ቻይናዊነታቸው ግን ከስሙ ወጣ። ይህን 1939 የሚለውን ዓመት አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቤተ መዘክሩ የተሰናዳው ሰው እንዲያየው ብቻ ሳይሆን እንዲያልፍበትም ነው። የሸራ መርከብ ውስጥ እንደ ገባህ ያስመስላል። ከዚያ ወደ ገበያው ትወጣለህ፤ ሱቁ፣ ሸክሙ፣ ሻይ የሚጠጣው ሽማግሌ በሰው ቁመት ተሠርተው ቆመዋል። አለፍ ሲልም የያዎዋራት መንገድ ከነሕንጻው በትንሹ ተቀርጾ ይታያል። ከሁሉ የያዘን ግን ታዮቹ ስለ እነዚህ ስደተኞች የሚናገሩት አባባል ነው፤ «አንድ ሰሌን፣ አንድ ትራስ» ይላሉ። ከቻይና ደቡብ ጠረፍ ተነሥቶ ባሕሩን ሲሻገር ሰውየው የያዘው ይህንኑ ነበር ለማለት ነው። ዛሬ ሀብታም የሆነው ነጋዴ አያቱን ሲያስታውስ የሚጠራትም እችኑ ሰሌን ነው።

እዚህ ላይ ነው ክርክር የጀመርነው። ሰሌንና ትራስ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው እንዴት ባለ ሱቅ ሆነ? አንዱ ጓደኛችን «ታታሪ ስለሆኑ ነዋ!» አለ። ሌላው «የሲያም ገበሬ ታታሪ ስላልሆነ ነው ባለ ሱቅ ያልሆነው?» ብሎ መለሰለት። መልሱ የተገኘው ከጠባይ ሳይሆን ከሥርዓቱ ነው።

በዚያ ዘመን የሲያም ተራ ሰው ገባር ነበር። በአንድ ጌታ ስም ተመዝግቦ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ለመንግሥት ወይም ለጌታው ያለ ደመወዝ ይሠራል። እንደ ልቡ ተነሥቶ ሌላ አገር ሄዶ መነገድ አይችልም። ቻይናዊው ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ነበር። በእሱ ላይ የተጣለው በሦስት ዓመት አንዴ የሚከፈል የነፍስ ወከፍ ግብር ነው። ለከፈለው ሰው አንጓው ላይ ክር ይታሰርለትና ቋጠሮው በማኅተም ይታተማል። ያንን ክር ያሰረ ሰው በፈለገው ቦታ ሄዶ ለፈለገው ሰው በደመወዝ ይሠራል። መንግሥትም ቦይ ሲያስቆፍር፣ በኋላም የባቡር ሐዲድ ሲያስዘረጋ፣ በገንዘብ ሊቀጠር የሚችለው እጅ ይኸው ባለ ክሩ እጅ ነበር። በ1855 ሲያም ከእንግሊዝ ጋር የቦውሪንግን ውል ስትፈራረም የሩዝ ንግድ ለዓለም ገበያ ተከፈተ። ሩዙን የሚያመርተው በአብዛኛው የሲያም ገበሬ ሲሆን፣ ከገበሬው የሚገዛው፣ በወፍጮ የሚፈትገው፣ ወደ መርከብ የሚሸከመው ግን ቻይናዊው ሆነ። በ1882 ስዋቶው ከተባለው የቻይና ወደብ ወደ ባንኮክ ቀጥታ የሚመላለስ የእንፋሎት መርከብ ሲጀመር የሚመጣው ሰው በጣም በዛ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቴኦቺው የሚባለውን የቻይና ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ።

በእርግጥ ከዚያ በፊትም ነበሩ። አዩታያ ከወደመች በኋላ አገሩን መልሶ ያቆመው ንጉሥ ታክሲን (1767–1782) ራሱ አባቱ ቴኦቺው ስደተኛ ነው። በ1782 ቀዳማዊ ራማ ዋና ከተማውን ወንዙን አሻግሮ ባንኮክ ላይ ሲቆረቁር፣ ዛሬ ታላቁ ቤተ መንግሥት የቆመበት ቦታ የቻይናውያን ሰፈር ነበር። ቦታውን ልቀቁ ተባሉና ከቅጥሩ ውጭ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተዛወሩ። ሳምፔንግ የሚባለው ገበያ እንዲህ ተወለደ። ስለዚህ የሰፈሩ የመጀመሪያ ታሪክ ከቦታ መነሣት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ወደቡ ላይ ሩዝ የሚሸከመውን ቻይናዊ እንግሊዞቹ «ኩሊ» ይሉት ነበር። ይህን ስናነብ ደነገጥን፤ ምክንያቱም እኛም በየአውቶቡስ ተራው ሻንጣችንን የምናሸክመውን ሰው «ኩሊ!» ብለን እንጠራለን። ቃሉ ከሕንድ ተነሥቶ በመርከብ ባሕሩን ሁሉ ዞሯል። አማርኛችንም ተቀብሎታል፤ የማን ስም እንደ ነበረ ግን ጠይቀን አናውቅም።

የቤተ መዘክሩ ዋና ድምፅ የምስጋና ድምፅ ነው። ነገሥታቱ ስደተኞቹን በጥላቸው ሥር አሳደሩ፣ እነሱም ሠርተው አደጉ፣ አገሩንም አሳደጉ ይላል። ከመካከላችን ሁለታችን ይህን ስናይ ፊታችንን አኮሳተርን። ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ «አትቸኩሉ፤ ምስጋናውም እኮ ታሪክ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ሆኖም ምስጋናውን ለመረዳት ከጎኑ አራት ዓመታት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው 1910 ነው። መንግሥት የሦስት ዓመቱን ግብር አስቀርቶ ቻይናውያኑ እንደ አገሬው በየዓመቱ እንዲከፍሉ አዘዘ። በሰኔ ወር መጀመሪያ የባንኮክ ቻይናውያን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሥራቸውን አቁመው ሦስት ቀን አደሙ። ከተማው ወዲያው ምግብ አጠረው። አድማው በፖሊስና በወታደር ኃይል ተሰበረ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ከተማው በማን እጅ እንደሚበላ በዚያ ሦስት ቀን ተረዳ።

ሁለተኛው 1914 ነው። ስድስተኛው ራማ ንጉሥ ዋጂራውት በብዕር ስም «የምሥራቅ አይሁዶች» የሚል ጽሑፍ አወጣና ቻይናውያኑን ለአገሩ ታማኝነት የሌላቸው አድርጎ ሣላቸው። በዚያው ሰሞን ሁለት መንግሥታት በአንድ ሕፃን ላይ ይከራከሩ ነበር። የ1909 የቻይና ሕግ ከቻይናዊ አባት የተወለደ የትም ይወለድ ቻይናዊ ነው ሲል፣ የ1913 የሲያም ሕግ ደግሞ በሲያም ምድር የተወለደ የሲያም ዜጋ ነው አለ። ሕፃኑን ማንም አልጠየቀውም።

ሦስተኛው 1939 ነው። በ1938 ሥልጣን የያዘው ፊቡን የሚመራው መንግሥት የአገሩን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ ለወጠ። የቻይንኛ ትምህርት ቤቶችና ጋዜጦች ተዘጉ፤ የተወሰኑ የሥራ ዓይነቶችም ለታዮች ብቻ ተከለሉ። «የሦስቱ ቻይናውያን መቅደስ» ስሙ የተለወጠው በዚሁ ዓመት ነው። ስሙን የለወጡት ሰዎች ልብ ውስጥ አልገባንም፤ ዓመቱ ግን ይኸው ነው።

አራተኛው 1945 ነው። ጦርነቱ አብቅቶ ቻይና ከአሸናፊዎቹ ወገን ስትቆም፣ በመስከረም ወር በሳምፔንግ በቻይናውያንና በታይ ወታደሮችና ፖሊሶች መካከል ግጭት ተነሣ፤ በዚያ ጠባብ የገበያ መንገድ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ። ወጣቱ ንጉሥ አናንዳ ማሂዶን በሰኔ 3 ቀን 1946 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሳምፔንግን በእግሩ የጎበኘው ይህ ሁሉ ገና ከሰው አእምሮ ሳይጠፋ ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ንጉሡ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በጥይት ሞቶ ተገኘ፤ ወንድሙ ቡሚቦን ነገሠና እስከ 2016 ገዛ።

አሁን ምስጋናው ይገባናል። የመስከረሙን ተኩስ የሰማ ባለ ሱቅ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ንጉሡ በደጁ በእግሩ ሲያልፍ ቢያይ ምን ይሰማዋል? ያን ቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል ማን ይፈርድበታል? እኛ እንደ ሎሌነት ያየነው ነገር ለእሱ «እዚህ የመኖር መብት አለኝ» የሚል ማስረጃ ነው። ፊታችንን ያኮሳተርነው ሁለታችንም ይህን ሐሳብ ተቀብለናል።

ያልተስማማንበት ነገርም አለ። አንዱ ጓደኛችን «ቻይናውያኑም እንደ ምስሉ ናቸው፤ የታይ ስም አውጥተው፣ ታይኛ ተናግረው፣ በልስን ተሸፍነው አደጉ» አለ። ንጽጽሩ ያማረ ስለ ሆነ ለጊዜው ዝም አልን። ኋላ ግን ትክክል አይደለም አልን። ልስኑ ሲፈርስ ከውስጡ የወጣው ያው የጥንቱ ወርቅ ነው። ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። የስደተኛው የልጅ ልጅ ስሙን ቢፍቁት ከሥሩ አንድ ንጹሕ ቻይናዊ አይወጣም። እናቱ ታይ ልትሆን ትችላለች፤ የሚጸልየው በታይ መቅደስ ነው፤ የአያቱን ቋንቋ ረስቶትም ይሆናል። የሆነውን ሆኗል፤ የተደበቀ ሰው አይደለም።

ከወጣን በኋላ መንገድ ዳር ተቀምጠን ሩዝ ስንበላ የተነሣው የመጨረሻው ወሬ ስለ ደብዳቤ ነበር። እነዚያ ሰዎች ወደ አገራቸው ገንዘብ የሚልኩት ከደብዳቤ ጋር ነበር፤ ብሩና ወሬው በአንድነት ይሄዳል። መጻፍ የማይችለው ለጸሐፊ ከፍሎ ያጽፋል። ቤተሰቡም ገንዘቡ እንደ ደረሰው መልስ ይልካል። ከእነዚህ ደብዳቤዎች እጅግ ብዙ በቻይና ተጠብቀው ኖረው በ2013 ዩኔስኮ በዓለም የማስታወሻ መዝገብ ላይ አሰፈራቸው። «እናቴ ሆይ፣ ደኅና ነኝ፤ ይህን ያህል ልኬያለሁ» የሚል የኩሊ ደብዳቤ የዓለም ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ ዝም አለ። እህቱ አረብ አገር በሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሱን ያስተማረችው እሷ ናት። ኋላ ላይ «የእሷስ ምኑ ይቀመጣል?» አለን። ገንዘቡ በባንክ ይመጣል፤ ወሬው በስልክ ነው፤ ድምፁ ይጠፋል። የዚያ ቻይናዊ ክር ወደ ፈለገው ቀጣሪ እንዲሄድ ያስችለው ነበር። የእሷ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ከቀጣሪዋ ጋር የታሰረ ነው። መቶ ዓመት አልፎ እንኳ የእሷ ክር ከእሱ ጠበቅ ያለ መሆኑን ስናስብ ምግቡ አልወረደልንም።

የያዎዋራት ሰዎች ቤተ መዘክራቸውን ለመሥራት ሁለት ነገር ረድቷቸዋል፤ ሀብታም ሆነዋል፣ ሰፈሩም አለ። ወደ አረብ አገር የሚሄዱት እህቶቻችን ግን በየሰው ቤት ተበታትነው ይኖራሉና ሰፈር የላቸውም። ስለዚህ የእነሱን ታሪክ እዚያ ሄደን አናገኘውም፤ ካለም ያለው እዚህ፣ በየቤታችን ነው። ጓደኞቻችን ሆይ፣ እስቲ በሚቀጥለው ዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ከእናቶቻችሁ ሣጥን የባንክ ደረሰኝ፣ የድሮ ደብዳቤ፣ የታተመ ፎቶግራፍ እንዳለ ጠይቁ፤ ማን እንደ ላከው፣ በየትኛው ዓመት፣ ለምን እንደ ላከው ከጀርባው ጻፉበት። የታሪክ ትምህርት ክፍል ይህን የቤት ሥራ ባይሰጠንም እንሥራው። ያ ጓደኛችን ከተመለስን በኋላ ጀምሯል፤ ያገኘው የመጀመሪያው ነገር እህቱ የሄደች ቀን እናቱ ያስያዘቻት የበሶ ዝርዝር ነው።