የእንዶድ ሰዎችና የማዕረግ መሰላል

በዩኒቨርሲቲያችን የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባል ከሆንኩ ወዲህ የሰው የሥራ ዘመን በቦክስ ፋይል ታጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ማየት ለምጃለሁ። ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ከሁሉም ይልቅ የሚያጨቃጭቀን የባዮቴክኖሎጂ መምህራን ፋይል ነው። በአንድ ጽሑፍ ላይ ስድስት ሰባት ስም ይደረደራል፤ ሐሳቡን ማን እንዳመነጨ፣ ናሙና ሲጠብቅ ያደረው ማን እንደሆነ ከስሞቹ ቅደም ተከተል አይታወቅም። እንዲህ ያለ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሐሳቤ ወደ እንዶድ ይሄዳል። እዚሁ አገር ውስጥ ተሠርቶ በዓለም ስማችንን ካስጠሩት ምርምሮች አንዱ እሱ ነው፤ ሰዎቹ ግን ወደ ላይ የወጡት ዛሬ እኛ በምናውቀው መንገድ አልነበረም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዶድን ከሳይንሱ በፊት አውቀዋለሁ። ያደግሁት ቡሬ ነው። እናቴ የደረቀውን ፍሬ በሙቀጫ ወቅጣ፣ ውኃ ጨምራበት ስታሸው አረፋው ከዕቃው አልፎ ይፈስ ነበር። «ዓይንሽን ጠብቂ!» ትለኛለች፤ ዓይን ከገባ ያቃጥላል። ሱቁ ሁሉ ሳሙና በሞላበት ጊዜ እንኳ የበዓል ጋቢና ነጠላ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር፤ በሳሙና የነጣውን እሷ ነጣ አትለውም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ የሄዱት እንዶድ ፍለጋ አልነበረም። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ፤ የሚያጠኑትም ቢልሃርዚያን ነው። የቢልሃርዚያ ትል ኑሮውን በሁለት ቤት ይከፍላል፦ አንዱ የሰው ደም ሥር፣ ሌላው የወንዝ ቀንድ አውጣ። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ትሉ ወደ ሰው የሚመለስበት መንገድ የለውም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ደህና ናቸው። በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ አደረጉና ከአንዲት አጣቢ የእንዶድ አረፋ ለምነው ጨመሩባቸው። ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ላቦራቶሪውም፣ ክርክሩም፣ ሽልማቱም፣ ከዚች ዕቃ የወጣ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። መሥራቹ አክሊሉ ናቸው፤ በኋላ በስማቸው ተሰይሟል። የተወለዱት በ1935 ነውና ሠላሳን ገና ማለፋቸው ነበር። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያለ መምህር የኬሚካል ግዢ መጠየቂያ ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ልዩነቱን ለጉብዝና ብቻ መስጠት አይገባም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የተከፈተው በ1950፣ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1961 ነው። ብዙውን ወንበር የያዙት የውጭ አገር መምህራን ስለነበሩ ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ከፊቱ ወረፋ የያዘ የአገሩ ሰው ብዙም አያገኝም ነበር። መሰላሉ አጭር ነው፤ ለወጣበት ሰው ግን የሚደግፈው አልነበረም።

ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በተደረገው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ ፋይል ቢቀርብልኝ ለመፈረም ሻይ እስኪመጣ እንኳ አልቆይም። ዓለም አቀፉ የጤና ማኅበረሰብ ግን አልቸኮለም። የታወቀው የቀንድ አውጣ መድኃኒት የጀርመኑ ባየር የሚያመርተው ባይሉሳይድ ነበር፤ ውድ ነበር፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነበር። እንዶድ በየአጥሩ ይበቅላል። ቢሆንም የመርዛማነት ምርመራው እውቅና ባለው ላቦራቶሪ፣ በደንቡ መሠረት፣ እንደገና ይሠራ ተባለ፤ በዚህም ዓመታት አለፉ። የአፍሪካ ሳይንስ ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጦት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዚህ አህጉር ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብለው ማመን የሚተናነቃቸው ሰዎች መኖራቸውም እንደሆነ አክሊሉ በአደባባይ ተናግረዋል። እኔ በግማሹ እስማማለሁ። ሰው ከሚጠጣው ወንዝ የሚገባ ነገር የትም አገር ደጋግሞ ይመረመራል፤ ይህ ንቀት አይደለም። የሚያስቆጨኝ «የት ተሠራ?» የሚለው «እንዴት ተሠራ?» ከሚለው መቅደሙ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስማቸው ሳይነሳ የሚታለፈውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን ማንሳት አለብኝ። አንድ ተክል ቀንድ አውጣ መግደሉ ቢታወቅም ከአጥር ላይ እየለቀሙ አገር ማዳን አይቻልም። የየአካባቢው እንዶድ ፍሬው፣ ጥንካሬው፣ ተባይ የመቋቋም አቅሙ ይለያያል። ለገሠ ዝርያዎቹን ከየቦታው ሰብስበው፣ ተክለው፣ ለዓመታት እያነጻጸሩ ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። ሥራው ቀላል እንዳይመስል፦ እንዶድ ወንድና ሴት ተክል አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ከዘር የበቀለው ችግኝ የትኛው እንደሆነ ደግሞ እስኪያብብ አይታወቅም። ስለዚህ ውኃ እያጠጡ፣ እየኮተኮቱ መጠበቅ፣ ከዚያ ጥሩዋን ለይቶ በቁራጭ ማባዛት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ በመጨረሻ በጽሑፍ ሲወጣ አንድ ሰንጠረዥ ይሆናል። የእኛ ኮሚቴ የሚቆጥረው ሰንጠረዡ ያለበትን ጽሑፍ ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ፤ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። በ1980ዎቹ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ያሉ ኬሚስቶች እንደደረሱበት የእንዶድ ሳፖኒን ፍሬው ውስጥ ሳለ ቀንድ አውጣ የማይጎዳ ዓይነት ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ የስኳር ሰንሰለት አንዱን ይቆርጥና ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። በሜታኖል ያወጣው ሰው የሚያገኘው ደካማውን ነው። መውቀጥና በውኃ ማሸት፣ ያውም የእናቴ ሙያ፣ ለካስ የኬሚስትሪው ዋና ደረጃ ኖሯል!

በ1989 አክሊሉና ለገሠ የስዊድኑን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ፤ ስማቸው ጎን ለጎን ተጻፈ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የዕፅዋት ጂን ባንክ ሰው ዶክተር መላኩ ወረደም ለብቻቸው ተሸለሙ። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን፣ ያውም በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን። ከዚያ በኋላ እንዶድ አሜሪካ ገብቶ የሐይቆቹን ውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለማጥፋት ተሞከረ፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ፓተንት አወጣበት። አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። የአድዋ አጣቢዎች ግን የሉበትም፤ የፓተንት ሕግ ለእነሱ የሚሆን መስመር የለውም።

የመሰላሉ ታሪክ ከዚህ በኋላ ወደ ሌላ ዘመን ይሻገራል። ከ1974ቱ አብዮት በፊትም በኋላም ዶክትሬት ማለት ውጭ መሄድ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ1978፣ የዶክትሬት ትምህርት ደግሞ በ1987 ነው። ሁለቱን ዓመታት አቅልሎ የሚያይ ሰው አጋጥሞኛል፤ እኔ ግን ከብዙ አዋጅ አብልጬ አያቸዋለሁ። ሰው በገዛ አገሩ ወንዝ፣ በገዛ አገሩ ሰብል ተመራምሮ ዶክተር መባል የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ውጭ የቀሩት ደግሞ የወጡት ሌላ መሰላል ነው። ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ ከዓለማያ ተነስተው በ1978 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ፕሮፌሰርነቱ ግን በቀጥታ አልመጣም። ሱዳን ሄደው ማሽላ ላይ ሠሩ፤ ሐጊን ዱራ 1 የተባለው ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ዘር በ1983 ተለቀቀ፤ በዓመቱ ፐርዱ ለመምህርነት ወሰዳቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያመጡት እዚያ ሆነው ነው፤ በ2009ም የዓለም ምግብ ሽልማትን አገኙ። ገበሬው ማሳ ላይ የዋለ ሥራ ለወንበር እንዳበቃቸው ልብ ይሏል።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው፤ ለቡሬ ጎረቤት ነውና እኛ እንደ ራሳችን እንቆጥራቸዋለን። አንበጣ የአካባቢያቸውን እህል ሲያወድም አይተው ግብርናን መረጡ። ካንሳስ ስቴት ዶክትሬታቸውን ጨርሰው፣ ኮርኔል ቆይተው፣ በ1992 ኮሎምቢያ ካሊ አቅራቢያ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ሄዱ። በ2007 ያንን ሁሉ ትተው ናይሮቢ ገቡና በዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም ግቢ የሚገኘውን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የባዮሳይንስ ማዕከል መሩ፤ በ2013 የዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የኢሲፔ ዋና ዳይሬክተር ሲሆኑ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

ያ የናይሮቢ የባዮሳይንስ ማዕከል ለእኛ ቅርብ ነገር ነው። የሚገኝበት የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም በ1994 ከሁለት ማዕከላት ውሕደት ሲመሠረት አዲስ አበባ ያለው ግማሽ በእርባታው፣ ናይሮቢ ያለው በበሽታው የሚሠራ ነበር፤ የሞለኪውል ላቦራቶሪውም የኖረው እዚያ ነው። ዛሬ በማነባቸው ፋይሎች ውስጥ የጤፍ፣ የእንሰት፣ የፍየል ዲ ኤን ኤ ይዘው ናይሮቢ ጥቂት ወራት ሠርተው የተመለሱ ልጆች አሉ። ዲግሪው የሚሰጠው እዚህ፣ አማካሪው እዚህ፣ ናሙናው ከእኛ ማሳ ነው፤ ከላይ በመጀመሪያ የሚጻፈውም ስም የልጁ ነው። ማሽኑ ብቻ ሁለት ሰዓት በአውሮፕላን ይርቃል።