በአንድ አየር ላይ ብዙ ድምፅ፦ የሲዲኤምኤ ታሪክ

እስኪ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሳንጃ ገበያ ላይ እንደቆማችሁ አስቡ። አንዱ በአማርኛ ይከራከራል፣ ሌላው በትግርኛ፣ አንዱ ነጋዴ ደግሞ በአረብኛ ስልክ ያወራል። ሁሉም የሚናገሩት በአንድ ጊዜ ነው፤ ጆሯችሁ ግን የሚያውቀውን ቋንቋ ለይቶ ይይዛል። ሲዲኤምኤም እንደዚሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ደዋይ የራሱን «ቋንቋ»፣ ማለትም ኮድ፣ ይሰጠዋል።

እንዴት? አብረን እናስላው። የአልማዝ ኮድ (+1፣ +1)፣ የካሳ ኮድ (+1፣ −1) ይሁን። አልማዝ «አዎ» ስትል ኮዷ እንዳለ ይላካል። ካሳ «አይ» ሲል ኮዱ ተገልብጦ (−1፣ +1) ይሆናል። አየር ላይ ሲደመሩ (0፣ +2) ይመጣል። የተደበላለቀ ይመስላል አይደል? አሁን ይህንን በአልማዝ ኮድ አባዙና ደምሩት፦ 0 + 2 = +2፤ አዎ! በካሳ ኮድስ? 0 − 2 = −2፤ አይ! ምንም አልጠፋም።

ለእንዲህ ያሉ የማይጋጩ ኮዶች መሠረት የሆነውን ሒሳብ አሜሪካዊው ጆሴፍ ዋልሽ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ ያኔ ሞባይል የት ነበርና! መልእክትን በሰፊ የሞገድ ክልል ላይ የመበተኑን ዘዴ (ስፕሬድ ስፔክትረም) ቀድመው የወደዱት ደግሞ ወታደሮች ናቸው፤ ጠላት እንዳይሰማውና እንዳያውከው ብለው።

ወደ ስልክ ሲመጣ ግን አንድ ከባድ ችግር ነበር። ታወር ሥር ሆኖ የሚደውል ሰው፣ ራቅ ካለ የሰሊጥ ማሳ የሚደውለውን ደካማ ድምፅ ይውጠዋል። ኮዱ ብቻውን አያድነውም። «ይሄ ነገር አይሠራም» ያሉ ነበሩ። ኳልኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሳንዲያጎ ውስጥ እንደሚሠራ በተግባር አሳየ። መላው ቀላል ይመስላል፦ ታወሩ ስልኮቹን ያለማቋረጥ «ቀንስ፣ ጨምር» እያለ ያዛል። በመጀመሪያው የሲዲኤምኤ ስልክ ይህ ትእዛዝ በሰከንድ 800 ጊዜ ይላክ ነበር። የቅርቡ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሩቁም ይሰማል።

እኛም አገር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የሲዲኤምኤ ኔትወርክ ዘርግቶ ነበር፤ ሽቦ የሌለውን የቤት ስልክ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከዚያ የመጣው 3ጂም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ዘመኑ አለፈ እንዳትሉ። ዛሬ ሳንጃ ላይ ሆናችሁ ጂፒኤስ ብትከፍቱ፣ ከላይ ያሉት የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሙሉ በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በ1575.42 ሜጋኸርዝ፣ አብረው ይናገራሉ። ስልካችሁ የሚለያቸው እያንዳንዳቸው በያዙት ባለ 1023 ቁራጭ ኮድ ነው።