ስኪዞፍሬኒያ፦ ምልክቱና ሕክምናው

እዚህ ሞያሌ፣ ጎልቦ ውስጥ አንዲት እናት «ልጄ ከሰው ሸሽቶ ብቻውን ያወራል፤ መንፈስ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ሕመሙ በብዛት የሚጀምረው ከአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ አንስቶ ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ብርቅ ነው። በብሪታንያ በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ልጆችን የተከታተለ ጥናት፣ በኋላ የታመሙት ከሌሎቹ ይልቅ በአማካይ ዘግይተው እንደተራመዱና ብቻቸውን መጫወት የመምረጥ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። አትደንግጡ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው ያድጋሉ።

የሚያሳስበው ለውጥ ነው፦ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ያለ ምክንያት ሰው መጠርጠር፣ ትምህርትና ንጽሕና መተው። በስደት ያየነው መከራም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጣ፣ የሚለየው ባለሙያ ነው።

ሕክምና አለው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የቡታጅራ አካባቢ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የሚሰጡት ክትትል ከሆስፒታሉ የአእምሮ ክሊኒክ እንደማያንስ አረጋግጧል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። ከከበዳቸው ለሐኪሙ ንገሩ። ሰንሰለት ግን ማንንም አያድንም።